የአትሮኖሱ የመጨረሻ ቅብ

ጋሽ ሀብተሥላሴ ማክሰኞ ጠዋት ከቆጡ መሰላል ሥር ተደፍተው ተገኙ። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ አንድ እጃቸው የሸሚዛቸውን አንገት እንደ ጨበጠ ደርቋል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሥር ያለችውን የእንጨት ሥራ ቤታቸውን ጠዋት ጠዋት የሚከፍተው ሠራተኛቸው ነስረዲን ነው። ያን ቀንም በሩን ሲከፍት የቲነር ሽታ አፍንጫውን ሰነፈጠው፤ ከዚያ አያቸው፤ ጮኸ። ጎረቤት ወጣ፤ ፖሊስ መጣ። ከምሳ በፊት ነስረዲን ታሰረ።

ፖሊስ የያዘው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሟች የከፋ አስም ነበረባቸው። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው የሚተኙት እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ቆጡ ላይ ነው። ሰኞ ማታ አንድ ሰው ከአልጋቸው በታች ላከር የሚባለውን አንጸባራቂ ቅብ በመርጫ ረጭቶ፣ የአየር መውጫዋን መስኮት ዘግቶ፣ በሩን ቆልፎ ሄዷል። ጎን ያለው የብረት ሥራ ቤት ብረት ሲፈጭ ስላመሸ ለመርጫው አየር የሚሰጠውን የኮምፕሬሰር ድምፅ ለይቶ የሰማ የለም። መርጫው የነስረዲን ነው፤ ቁልፍም አለው። ሰኞ ከሰዓት ደግሞ ከአለቃው ጋር ሲጯጯህ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ለሰነፍ መርማሪ ከዚህ የተሻለ መዝገብ ከየት ይመጣል? ዓርብ ከሰዓት ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ወረቀቱን ማዘጋጀት ጀምረው ነበር።

ዋና ኢንስፔክተር ፀዳለ መዝገቡ የደረሳት እንግዲህ እንዲህ ታኝኮ ነው። እሷ ግን ሌላ ሰው ያኘከውን የምትውጥ ሴት አልነበረችም። አምሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ አጭር፣ ስትጠይቅ ድምጿን ዝቅ የምታደርግ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ትዕግሥቷን ያደንቃሉ። ትዕግሥት አልነበረም፤ ማንንም ካለማመን የመጣ ዝምታ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሳጅን ቤካን አስከትላ ሱቁ ስትገባ አስከሬኑ ተነሥቷል። ከሱቁ መሃል አንድ የዋንዛ አትሮኖስ ቆሟል። ቅዱሱ መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚነበብበት፣ በእጅ የተፈለፈለ፣ ጋሽ ሀብተሥላሴ ለግንቦት ልደታ ለልደታ ማርያም የተሳሉት ስለት ነው። ገዳዩ የረጨው እሱን ነበር።

«ያምራል» አለ ቤካ።

«በጣም ያምራል። የሚያሳስበኝም እሱ ነው።»

ፀዳለ ጎንበስ ብላ በእጇ ጀርባ እየዳሰሰች ዞረችው። ቅቡ ሁሉም ቦታ ስስና ለስላሳ ነው፤ የፈሰሰበት ወይም የሳሳበት ቦታ የለም። እግሩ ሥር ጠርዙን ስታይ ከላከሩ በፊት የተቀባ ሌላ ቀጭን፣ ቢጫ ነገር ተመለከተች። ከዚያ በስተቀኝ ላይኛው ጠርዝ ደረሰች። እዚያ፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ብቻ፣ ቅቡ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቧል። በጥፍሯ ስትጫነው ሰረጎደ።

ቤካ ደግሞ የሥራ ጠረጴዛውን መሳቢያ ሲፈትሽ፣ እጅግ ከላመው የብርጭቆ ወረቀት ሥር የሟችን የአስም መድኃኒት፣ በአፍ የሚስቡትን፣ አገኘ።

የሟች ልጅ ትሕትና ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ሠላሳዎቹን ልትጨርስ የተቃረበች፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት ናት። የምትኖረው እዚያው ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ ነው። ዕቃ የምትገዛውም፣ ደንበኛ የምትቀበለውም፣ አባቷን የምታስታምመውም እሷ ነበረች።

«መድኃኒቱን እኔ ነኝ ሁልጊዜ ትራሱ ሥር የማደርግለት» አለች። «ሲሠራ ይዞት ወርዶ ረስቶት ይሆናል።»

«ነስረዲን ያደረገው ይመስልሻል?»

«ነስሩ ሰው ይገድላል አልልም። ለበዓሉ ቸኩሎ፣ አባዬ ከተኛ ልጨርሰው ብሎ ይሆናል። ጉዳቱ ሳይታየው።»

ቤካ ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀ። በልቡ እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት ሳይል አልቀረም።

«ይሄ የተሸበሸበውስ?» አለች ፀዳለ።

ትሕትና ቀርባ አየችው። ግንባሯ ተቋጠረ፤ ጣቷን ልትሰድ ስትል መለሰችው። «እንጃ። መርጫው ውሃ ተፍቶ ይሆናል።»

«እንጨቱ ዘይት የጠጣ ነው አይደል?»

«የተልባ ዘይት። አባዬ ሌላ አይወድም ነበር። ጾሙ ሲገባ ቀባው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ያልደረቀ ዘይት ላይ ላከር ቢረጩበት እንዲህ ይሸበሸባል፣ እውነት ነው። ይሄ ግን ደርቆ ያለቀ ነገር ነው።»

«ታውቂበታለሽ።»

«እዚህ ቤት ነው እኮ ያረጀሁት።»

«ትረጫለሽ?»

ትሕትና ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ደስታ የለበትም። «ሴት ልጅ መርጫ አትይዝም ይላል አባዬ። ይል ነበር።»

«ሰኞ ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«መርካቶ፤ ማጠፊያና እጀታ ልገዛ። ስመለስ ሱቁ ተዘግቷል፤ አባዬም ተኝቷል ብዬ ቀጥታ ወደ ቤት ወጣሁ።»

ፀዳለ ከዚያ ወደ ጣቢያ ሄደች። የነስረዲን ሚስት ኪያ የምሳ ሳህን ይዛ በር ላይ ተቀምጣለች፤ የገፋ ሆዷን ይዛ ለመነሣት ስትሞክር ፀዳለ በእጇ ምልክት ከለከለቻት። ባልዋ ጥፋተኛ ከተባለ ያ ልጅ አባቱን በእስር ቤት አጥር በኩል እያየ ያድጋል። ፀዳለ ይህን አስባ ተናደደች፤ ንዴቷን ይዛ ገባች።

ነስረዲን ጢሙን ሳይላጭ፣ ዓይኑ ቀልቶ ተቀምጧል።

«ተጨቃጭቃችኋል» አለችው።

«አዎ፤ ጮኼባቸዋለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ የመጨረሻ ቃሌ ጩኸት ሆነ።»

«በምን ነገር?»

«በአትሮኖሱ ነዋ! በቃ ደርቋል፣ ውጭ አውጥቼ ላከሬን ረጭቼ ልገላገል ስል እማማ ሸዋዓለም መጡ።»

«ማናቸው?»

«ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ የሚሸጡት። አትሮኖሱን ሲያዩ ይሳለሙታል! ገና ሳይባረክ! በሁለት እጃቸው ጠርዙን ይዘው፣ ግንባራቸውን አስነክተው። እጃቸው ደግሞ ሰም በሰም ነው። ሰም የነካው እንጨት ቅብ አይቀበልም። እኔ ፋቅኩት፤ ሲፋቅ ቦታው ነጣ። ዮፍታሔ፣ የጋሼ ልጅ፣ ዘይቱን ከመደርደሪያ አወረደላቸው፤ ጋሼ ያን ቦታ እንደገና በዘይት አሹት። አያችሁ፣ እንግዲህ እንደገና መጠበቅ ነው! ለበዓል አይደርስም አልኩ። ‹ማርያም ትጠብቃለች፣ አንተ ነህ የማትጠብቀው› አሉኝ። ተጯጯህን፤ ጥዬ ወጣሁ።»

ፀዳለ ወንበሯን ሳበች። «የሚያዩት ሰዎች እርጥብ መሆኑን ያውቃሉ?»

«በዓይን አይታይም። ሲወለወል ከሌላው ጋር ይመሳሰላል።»

«ይህን ለመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች ተናግረሃል?»

«ማን ጠየቀኝ? ‹ጮኸሃል አልጮህክም?› ነው የሚሉት።»

«አንተ ዘይት ላይ ላከር ስትረጭ በመካከል ምን ታደርጋለህ?»

«ምንም። ከደረቀ ቀጥታ ነው። ጋሼ መጀመሪያ ሼላክ የሚባለውን ስስ ቅብ ቅባበት ይሉኛል፤ ማን ያን ሁሉ ጣጣ ይችላል።» ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ጨመረ። «ደግሞ እኔ የምረጭበት ቀን ጋሼ እየተደገፉም ቢሆን ላይ ትሕትና ቤት ወጥተው ነው የሚያድሩት። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ተኝተው ሳለ እኔ ከሥር ልረጭ?»

«መርጨት የሚችል ሌላ ሰው አለ?»

ነስረዲን እጆቹን አየ። «የለም» አለ። ለመመለስ ትንሽ ዘግይቶ ነበር።

ዮፍታሔን ሰንጋ ተራ፣ የሐዘን ፈቃድ ሊጠይቅ በሄደበት፣ ከሚሠራበት ባንክ በር ላይ አገኙት። የሟች ታናሽ ልጅ ነው፤ ከረቫቱን እንዳላላ ተቀምጦ በመሐረብ ላቡን ይጠርጋል። ነስረዲን ያለውን ሁሉ አረጋገጠ፤ ሰሙንም፣ ዘይቱንም፣ ጠቡንም።

«አንተ ሰኞ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

«እሁድ ምሳ ላይ አባዬ ሱቁን ላንተ አስተላልፋለሁ አለኝ። ወንድ ልጅ እያለኝ ቤቴ አይዘጋም አለ። እስቲ ልየው ብዬ ነው የሄድኩት። መርጫውን በየት በኩል እንደሚይዙት እንኳ አላውቅም።»

«እህትህ ይህን ስትሰማ ምን አለች?»

«ምንም። ሳህኑን አነሣች።»

«ስለ ሰሙና ስለ ዘይቱ ነግረሃታል?»

«ሰኞ አላገኘኋትም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማን ስለ ዘይት ያወራል?»

«የሱቁ ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«አባዬ፣ ነስረዲን፣ ትሕትና። ለኔ ገና አልሰጠኝም ነበር።»

እማማ ሸዋዓለም ነገሩን ሲሰሙ ጧፋቸውን እንደ ታቀፉ አለቀሱ። «በእጄ መዘዝ ነው እንዴ፣ ልጄ? እሳቸውኮ ከተቆጡ በኋላ ሳቁብኝ። ‹ሸዋዓለም፣ ከቄሱ ቀደምሽ› አሉኝ።»

«እርስዎ ሲሳለሙ ማን ማን ነበር?»

«ዮፍታሔና ነስሩ። ትሕትና አልነበረችም። ብትኖርማ መች ታስነካኝ፤ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው።»

የቀረው አንድ ሰው ነው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ዕቃ የሚያስገዙበት የቀለም መደብር ባለቤት ዓብዱልሰላም፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ወሬ የሚወድ ሰው ሆኖ ተገኘ።

«ዘይት የጠጣ እንጨት እንደ ልቡ ነው፤ ሁሉን አያስጠጋም» አላት። «መጀመሪያ ዘይቱ ይድረቅ። ከደረቀ በዘይት የሚሠራውን ቫርኒሽ ይቀበላል። በውሃ የሚሠራውን ከቀባሽበት እየተላጠ ሊወርድ ይችላል። ላከር ከሆነ ደግሞ፣ ጠንቃቃ ሰው በመካከል በአልኮል የሚሟሟውን ሼላክ ያደርጋል። ቢጫ ናት፣ ቀጭን። ሁለቱን የምታስታርቅ እሷ ናት።»

«ዘይቱ ካልደረቀስ?»

«ያን ጊዜ አስታራቂም አይረዳ። ከሥሩ ይለሰልሳል፣ ከላይ ይሸበሸባል።»

«ከዚያ ቤት ወደዚህ የሚመጣው ማን ነው?»

«ነስረዲን ሲመጣ ዋጋ ተከራክሮ ይሄዳል። ትሕትና ስትመጣ ግን ጥያቄዋ አያልቅም። የቱ ከየቱ ይስማማል፣ ስንት ጊዜ ይደርቃል፣ ቁራጭ እንጨት ላይ የተቀባ አምጥታ በብርሃን እያዞረች ታሳየኛለች።»

ፀዳለ ከሱቁ ያመጣችውን፣ ከአትሮኖሱ የተረፈውንና አብሮት ዘይት የጠጣውን ቁራጭ ሰጠችው። ግማሹን እንደገና ዘይት አስቀባችው፤ ሲያመሽ በጠቅላላው ላይ ሼላክና ላከር እንዲሄድበት አደረገች። በማግስቱ ስትመለስ ቁራጩ ግማሹ እንደ መስታወት ነው፤ ግማሹ ተሸብሽቧል። ተቀብላ በጋዜጣ ጠቀለለችው፤ ቀኑን ሙሉም ለቤካ ቃል አልተነፈሰችም።

ዓርብ ጠዋት ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዮፍታሔ የባንክ መታወቂያውን እንዳንጠለጠለ መጣ። እማማ ሸዋዓለም በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ትሕትና ከአባቷ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች። ቤካ ነስረዲንን በካቴና አስገባው፤ ማንም ሰላም አላለውም።

«ከሰዓት ይሄ ሰው ፍርድ ቤት ይቀርባል» አለች ፀዳለ። «ስለዚህ አሁኑኑ እንጨርስ። መጀመሪያ ይሄን እዩት።»

የተሸበሸበውን የአትሮኖስ ጠርዝ አሳየች፤ ቁራጩን ከጋዜጣው አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠች። ሁለቱ እንደ መንትያ ይመሳሰላሉ።

«እዚህ ቦታ ላይ ሰኞ ከሰዓት እርጥብ ዘይት ነበር። እማማ በሰም እጃቸው ይዘውት ስለነበር ጋሽ ሀብተሥላሴ እንደገና ቀብተውታል።»

ትሕትና ወደ እማማ ሸዋዓለም ዞረች። አየቻቸው፤ ከዚያ እጃቸውን አየች። ፀዳለ የምትጠብቀው ይህንኑ ነበርና ሳታስታውቅ አለፈችው።

«ሁለተኛ። ጋሽ ሀብተሥላሴን መግደል ብቻ የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ጣሳ ቲነር ወለሉ ላይ ደፍቶ ይሄዳል። ወይም መርጫውን አየር ላይ ይለቀዋል። ይሄ ሰው ግን እንጨቱን በላመ ወረቀት አሽቷል፤ አቧራውን ጠርጓል፤ ሼላክ ቀብቶ እስኪደርቅ ጠብቋል፤ ከዚያ ላከሩን ስስ አድርጎ አልብሷል። የችኮላ ሥራ እንዲመስል ፈልጎ ነበር፤ እጁ ግን እምቢ አለው።»

«እኔ ሼላክ አልቀባም» አለ ነስረዲን ድንገት።

«አውቃለሁ፤ ስንፍናህ ነው ያተረፈህ። ሦስተኛውን ስሙ። ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው፣ እርጥብ ዘይት መኖሩን ቢያውቅ ኖሮ እዚያ ላይ አይረጭም ነበር። ስለዚህ አላወቀም። ያወቀው ማን ነው? ሟቹ ራሳቸው፤ ስለዚህ እሳቸው አይደሉም የረጩት። ነስረዲን ያውቃል፤ ሰሙን የፋቀው እሱ ነው፤ የጮኸውም በዚሁ ነው። ዮፍታሔ ያውቃል፤ ዘይቱን ያወረደው እሱ ነው፤ ደግሞም ቁልፍ የለውም። እማማም ያውቃሉ።»

ውጭ አንድ የታክሲ ረዳት ተሳፋሪ ይጣራል።

«ቁልፍ ካላቸው ከሦስቱ ሰዎች፣ ያላወቀችው አንዷ ብቻ ናት» አለች ፀዳለ። «‹ጾሙ ሲገባ ቀባው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም› ብለሽኛል፣ ትሕትና። እርግጠኛ ነበርሽ። ልክም ነበርሽ፤ እስከ ሰኞ ከሰዓት ድረስ።»

«ምን ማለትዎ ነው?» አለች ትሕትና። «አለማወቄ ነው ወንጀሌ?»

«አለማወቅሽ አይደለም። ሌላውን ሁሉ ማወቅሽ ነው። ሼላኩን፣ ላከሩን፣ የቱ ከየቱ እንደሚስማማ። ዓብዱልሰላም ዘንድ እየወሰድሽ የምታሳዪው ቁራጭ የማን እጅ ነበር? ደግሞ የአባትሽን መድኃኒት ከትራሱ ሥር ያነሣው ሰው፣ የላመውን ወረቀት ተጠቅሞ ሲጨርስ ከሥሩ ሸሽጎታል። ትራሱ ሥር መኖሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አባትሽ ማታ እንቅልፍ የሚያመጣባቸውን ሌላ መድኃኒት ወስደው በጊዜ ይተኛሉ፤ የብረት ቤቱ ደግሞ እስኪመሽ ይፈጫል። ወደ ቤት ቀጥታ አልወጣሽም።»

«እሷ መርጨት አትችልም!» አለ ዮፍታሔ። «ኢንስፔክተር፣ በእግዚአብሔር፣ እሷ እኮ ሻይ አፍልታ…»

«ዝም በል!» ትሕትና ጮኸች። ከሰኞ ወዲህ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው እውነተኛ ድምፅ ነው። «እችላለሁ። ካንተም፣ ከነስሩም፣ ከማንም በላይ እችላለሁ። ነስሩ ታሞ በተኛ ጊዜ ለአንድ ሆቴል የሄዱትን ጠረጴዛዎች ማን የረጨ ይመስልሃል? አባዬ በእጁ ዳሰሳቸውና ‹የነስረዲን እጅ እንዴት ተሻሻለ› አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሻይ ይዣለሁ።»

ነስረዲን አንገቱን ደፋ።

«ዕድሜዬን እዚህ ጨረስኩት» አለች። «ሌሊት ትንፋሹን እየቆጠርኩ። ባል ሲመጣ ‹አባቷን ማን ይይዝለታል› ተባለ፤ ሥራ ሲመጣ ‹ሱቁን ማን ይይዛል› ተባለ። ይሁን አልኩ፤ ቤቱ የኔ ነው ብዬ። እሁድ ዕለት ዶሮ ሠርቼ አቀረብኩ። እያጎረስኩት፣ ሱቁን ላንተ ሰጠ። እኔን አላየኝም እንኳ።»

«ትሕትና…» አለ ዮፍታሔ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ እኮ ሱቁን አልፈለግኩትም። ብትጠይቂኝ እተውልሽ ነበር።»

«የራሴን ነገር ለምን ብዬ አንተን እለምናለሁ?»

እማማ ሸዋዓለም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ፀዳለ ሊሰማት የሚገባው ድል አልተሰማትም። ብዙ ገዳይ አይታለች። ይቺኛዋን ልታዝንላት ፈለገች፤ ወዲያው ግን በጣቢያው በር የተቀመጠችውን ነፍሰ ጡር አስታወሰች።

«ነስረዲንስ?» አለች። «እሱ በምን ዕዳው?»

«ምስጋናዬን ወስዷል» አለች ትሕትና። «ጠረጴዛዎቹ የኔ መሆናቸውን እያወቀ ዝም አለ። ሥራዬን ከወሰደ ይሄንንም ይውሰደው አልኩ።»

ቤካ ካቴናውን ከነስረዲን እጅ ፈታ። ነስረዲን አንጓውን እያሸ ቆመ፤ ለመሄድ አልቸኮለም።

ፀዳለ ወደ እሱ ዞረች። «መርጨት የሚችል ሌላ ሰው አለ ወይ ብዬ ስጠይቅህ የለም አልከኝ። ራስህን ታድን ነበር። ለምን ዋሸኸኝ?»

«ጋሼ አስምለውኛል።»

«አባዬ?» ትሕትና ቀና አለች። «አባዬ ምን ያውቅና?»

ነስረዲን ሊያያት አልደፈረም። «ነግሬያቸዋለሁ። ያን ቀን አንቺ ወጥተሽ ሳለ፣ ምስጋናው የኔ አይደለም፣ ጠረጴዛዎቹ የሷ ናቸው አልኳቸው። ‹ገና ስዳስሰው አውቄዋለሁ፤ ካንተ እጅ እንዲህ ያለ ሥራ አይወጣም› አሉኝ።»

«ምን?»

«‹ግን እንዳትነግራት› አሉ። ‹እኔን ለዚህ አስም የዳረገኝ መርጫ ነው። ትችያለሽ ካልኳት አትተወውም። ሱቁን ለወንድሟ ሰጥቼ እሷን ከዚህ ጭስ አወጣታለሁ› አሉ። በቁርአን አስማሉኝ።»

ትሕትና በእጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ቤካ ካቴናውን ይዞ ቀርቦ ነበር፤ እሷ ግን ያየችው አይመስልም።

«ታዲያ ለኔ ለምን አልነገረኝም?» አለች።

የጠየቀችው ነስረዲንን ነበር። ነስረዲን ፀዳለን አየ፤ ፀዳለም ወለሉን።